በእርሳስ የተጻፈ ስም

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ነገ» እያለ የሚጠራው ልብስ ሰፊ ውሸታም አልነበረም። ይህ አስቀድሞ ይታወቅለት። በቀጠሮው ቀን ልብስ የሚያስረክብ ልብስ ሰፊ ካለ ወይ ጀማሪ ነው፣ ወይ ሥራ የለውም። እሱ ጀማሪም አልነበረም፣ ሥራም አጥቶ አያውቅም። «መቼ ልምጣ?» ሲሉት ከመነጽሩ በላይ አየት አድርጎ «ነገ» ይላል። በማግስቱ ሲመጡም ያው ነገ ነው። ሰዉ ይናደዳል፣ ይዝታል፣ ሌላ ቤት እሄዳለሁ ይላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱም ያቺ የማትደርስ ነገ የደረሰች ዕለት፣ ኮቱ ትከሻ ላይ ሲቀመጥ አብሮ የተወለደ ነበር የሚመስለው።

የፋርማሲው ባለቤት ሠርግ እስከ ዛሬ ይወራል። ሱፉን ያዘዘው ከሦስት ወር በፊት ነበር። የሠርጉ ቀን ሲነጋ የግራ እጅጌው ገና በነጭ ክር እንደተያዘ ነው። ሙሽራው ደሙ ፈልቶ መጣ። ልብስ ሰፊው ኮቱን አለበሰው፣ መኪናው ውስጥ አብሮት ገባ፣ እስከ ሙሽሪት ቤት ድረስ እየሰፋለት ሄደ። የመጨረሻውን ክር በጥርሱ የበጠሰው በሯ ላይ ነው ይባላል። ፋርማሲስቱ ያን ኮት ዛሬም ይለብሰዋል። ሆዱ ሁለት ጊዜ ገፍቷል፣ ኮቱም ሁለት ጊዜ ተለቅቆለታል፤ ልብስ ሰፊው ለሚመጣው ሆድ የሚሆን ጨርቅ ከውስጥ አስቀርቶለት ነበርና።

መዘግየቱ ከስንፍና አልመጣም። ሳይለካ አይቆርጥም፣ ቆርጦም ወዲያው አይሰፋም። መጀመሪያ በጠመኔ ያሰምራል። ከዚያ በነጭ ክር ላላ ላላ አድርጎ ያያይዘውና ባለቤቱን ጠርቶ ያለብሰዋል። ያስቀምጠዋል፣ ያስነሳዋል፣ እጁን ያስዘረጋዋል። ጠበበኝ፣ ሰፋኝ፣ ያዘኝ ያለውን ሁሉ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ባለቤቱ በገዛ አፉ «ይሁን» እስኪል ድረስ ልብሱን የስፌት መኪና አይነካውም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ» ይል ነበር፣ «ጨርቅ ግን አንዴ ካፈሰሱት አይለቀምም።»

ሚስቱን ደግሞ ሰዉ «እትዬ መርፌ» ይላታል። ቅጥነቷም ምላሷም ለስሙ ይመጥናሉ። ቁልፍ መትከል፣ የቁልፍ ቀዳዳ መዘምዘም፣ የሱሪ ጫፍ ማጠፍ፣ በመጨረሻም እሱ ላላ አድርጎ ያስገባውን ነጭ ክር አንድ በአንድ መምዘዝ የእሷ ሥራ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ከመስኮቱ ሥር ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ የእሱን ነጭ ክር ስትለቅም ኖራለች። ቀሚሷ ላይ የክር ቁራጭ ሳይኖር ታይታ አታውቅም። ደንበኛውን ስለ ባሏ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ፣ ደንበኛው ሲወጣ ባሏን የምትወጋውም እሷ ናት። «አንተ ስትሞት መቃብር ቆፋሪውንም ነገ ና ትለዋለህ» ትለው ነበር። ይስቃል። ያኔ ያስቅ ነበር።

ወረቀትንም የሚይዘው እንደ ጨርቅ ነው። የኪራይ ውል ይሁን፣ የልጃቸው የትምህርት ቤት ቅጽ ይሁን፣ ለውሃ ክፍል የሚገባ አቤቱታ ይሁን፣ መጀመሪያ በእርሳስ ይሞላዋል። ከእራት በኋላ መነጽሩን ጠርጎ ከላይ እስከ ታች ለሚስቱ ያነብላታል። እሷም «እዚህ ጋ ጠበቅ ብሏል፣ ላላ አድርገው» ወይም «ይሄማ ልመና ነው፣ ቀና ብለህ ጻፈው» ትለዋለች። ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። «ይሁን» ስትለው ብቻ እስክሪብቶ አንስቶ በእርሳሱ ላይ ይሄድበታል፣ ይፈርማል። ጎረቤት ይስቅበት ነበር። ነገር ግን እንዲህ ተለክቶ የተጻፈ አቤቱታው አንድ ጊዜም ውድቅ ሆኖበት አያውቅም።

እጁ በጠመኔ የነጣ ለት ደግሞ የደረሰኙን ፊርማ እሷ ትፈርምለታለች። ከዱካዋ ሳትነሳ፣ ከመኪናው ድምፅ በላይ «ልፈርም?» ትላለች። ቀና ሳይል «ፈርሚ» ይላታል። ጫፉ ላይ መንጠቆ መስላ የምትታጠፈውን ጭረት ሳይቀር ፊርማውን ከእሱ እኩል ታውቀዋለች። ሳትጠይቅ የፈረመችበት ቀን ግን የለም።

የሞተው በጠራራ ቀን፣ ሥራው ላይ እያለ ነው። ከምሳ በኋላ የአንድ አስተማሪ ሱሪ ሊያሰምር ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ እንዳለ ሳይነሳ ቀረ። እትዬ መርፌ ቀዳዳ እየዘመዘመች ነበር። ጠመኔው ወድቆ ሲሰበር ሰምታ «ምን ጣልክ?» አለችው። ክሩን እስክትቋጥር ድረስ ቀና አላለችም። ሐኪም ቤት ያሉት ልቡ ነው አሉ፣ ቶሎም ቢመጣ አይተርፍም ነበር አሉ። እሷ ግን ያችን ክር ለመቋጠር የፈጀችውን ጊዜ እስከ ዛሬ ትቆጥረዋለች። አምሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ቀብሩ ላይ ግማሹ ሰው የለበሰው እሱ የሰፋውን ነው። ፋርማሲስቱ በዚያ ኮት መጣ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ «ነገ ና ብሎኝ ነበር እኮ» ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው። እስከዚያ ድረስ ዓይኗ ደርቆ የቆመችው እትዬ መርፌ ይህን ስትሰማ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። በሌላ ከተማ ነርስነት የምትማረው ልጇ በብብቷ ይዛ አቆመቻት።

የሞተ ተጎዳ ይላሉ። የቀረውስ? ጋሽ ነገ ሁለት ዕዳ ትቶ ነበር። አንደኛው ኦቨርሎክ የሚባለውን የጠርዝ መስፊያ መኪና ለመግዛት ከብድርና ቁጠባ ማኅበር የወሰደው ነው። ሁለተኛው በዱቤ የሚያመጣው የጨርቅ ዋጋ ነው። ሁለቱም ከሥራ የመጡ ናቸው፤ የመጠጥም የቁማርም ሳንቲም የለባቸውም። ጨርቅ ሻጩ በሦስተኛው ሳምንት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። እንዲያው እንድታውቂው ብዬ ነው እንጂ ልጠይቅሽ አይደለም አላት። ልጠይቅ አይደለም ብሎ የመጣ ሰው ምን ሊያደርግ እንደመጣ ይታወቃል። ቢሆንም ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ እሱም ጨርቁን ያመጣው በዱቤ ነው።

እትዬ መርፌ አልደነገጠችም። ባሏ ገና ወንደላጤ ሆኖ የልብስ ፋብሪካ ሲሠራ የገባው የሕይወት መድን ነበረው። ፋብሪካውን ለቆ የራሱን ቤት ከከፈተም በኋላ በየወሩ ሲከፍል ኖሯል። መብራት ጠፍቶ መኪና የቆመበት ወር እንኳ ከዕለት ወጪ ቀንሶ ይከፍለው ነበር። «ስምሽን ጽፌዋለሁ እኮ» ያላትንም ታስታውሳለች። መቼና እንዴት እንዳላት ግን ያን ጊዜ ልብ አላለችም። በዚያ ገንዘብ ልጇ የቀራትን ሁለት ዓመት ትጨርሳለች፣ ኦቨርሎኩ ከዕዳ ይወጣል፣ አንድ ደህና ቆራጭ ቀጥራ የባሏን ቤት ክፍት አድርጋ ትኖራለች። ሌላ ምኞት አልነበራትም። ሐዘኑ እንደ ድንጋይ ቢከብዳትም እግሯ የምትቆምበት ቦታ እንዳለ ታምን ነበር።

የመድን ድርጅቱ ቢሮ የተደረደሩ የብረት ወንበሮችና ከመስታወት ጀርባ የተቀመጡ ሠራተኞች አሉት። እትዬ መርፌ ከልጇ ጋር ተራዋን ጠብቃ ቀረበች። ያስተናገደቻት ጸሐፊ ልጅ እግር ናት፤ የጃኬቷ ግራ እጅጌ ተጣሞ የተተከለ ነው። እትዬ መርፌ በሌላ ቀን ብትሆን ኖሮ አውልቂው ልይልሽ ትላት ነበር። ጸሐፊዋ ፋይሉን ገልጣ ረጅም ጊዜ አነበበች። ቀና ስትል ድምፅዋ ዝግ ብሏል።

«እናቴ፣ እዚህ ላይ ተጠቃሚ ተብሎ የተጻፈው የእርስዎ ስም አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የእናታቸው።»

የባሏ እናት ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ፋብሪካ ሲሠራ፣ ሚስትም ልጅም ሳይኖረው፣ የጻፈው የሚወደውን ሰው ስም ነበር። ጸሐፊዋ ቀስ ብላ አስረዳቻት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለብዙ ሰው ማስረዳት እንደለመደች ያስታውቃል። ገንዘቡ ስሙ ለተጻፈው ሰው በቀጥታ የሚሰጥ ቢሆን አበዳሪ አይነካውም ነበር። ዕዳ የሚከፈለው ሟች ከተወው ንብረት ነው እንጂ ከዚህ አይደለም። የተጻፈው ሰው ቀድሞ ከሞተና ሌላ ስም ካልተተካ ግን ገንዘቡ ከውርሱ ጋር ይደባለቃል። ከውርስ ደግሞ መጀመሪያ ዕዳ ይወጣል፣ የተረፈው ለወራሾች ይከፈላል። ከራስሽ ኪስ ክፈይ የሚልሽ የለም፣ እሳቸው ከተዉት በላይም አትጠየቂም አለቻትና፣ ወዲያው አንቺ በማለቷ ይቅርታ ጠይቃ በአንቱታ እንደገና ጀመረች። እትዬ መርፌ አንቺም አንቱም አልተሰማትም። «ስምሽን ጽፌዋለሁ ብሎኛል» አለች። «ባሌ አይዋሽም።»

ጸሐፊዋ ፋይሉን እንደገና አገላበጠች። ከጀርባው አንዲት ትንሽ ማስታወሻ አገኘች። የዛሬ ስድስት ዓመት ሰውዬው መጥቶ የተጠቃሚ መቀየሪያ ቅጽ ወስዷል። አልመለሰውም። ቅጹ ቤት ውስጥ ካለ፣ በራሱ እጅ የተሞላና በሕይወት እያለ የፈረመበት ከሆነ ያምጡት፣ ይታያል አለቻት።

እናትና ልጅ በዚያው ቀን የሥራ ቤቱን መበርበር ጀመሩ። ጋሽ ነገ የደንበኞቹን የወረቀት ልክ አይጥልም ነበር። ግድግዳው ሙሉ በምስማር የተንጠለጠለ ጥቅል ነው፤ በየጥቅሉ ላይ ስም ሳይሆን መለያ ተጽፎበታል። «ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ»፣ «ቁጭ ሲል የሚሰፋ»፣ «ረጅም ነኝ የሚል»። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ሳቀች፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳቋ ለቅሶ ሆነባት። አሥር ሰዓት ገደማ ከበሩ ጀርባ «የቤቷ» የሚል ጥቅል አወረዱ። ስድስት ዓመት ነገ ሲላት የኖረው የገዛ ኮቷ ልክ ነበር። መሐሉ ላይ አራት ጊዜ የታጠፈ ቅጽ አለ።

እጁ ነው። ቀጥ ያለች፣ የማትቸኩል የእሱ ጽሕፈት። የመድን ገቢው ስም፣ የውሉ ቁጥር፣ የቀድሞ ተጠቃሚ በሕይወት የሌሉ፣ አዲስ ተጠቃሚ ሙሉ ስሟ፣ ዝምድና ሚስት፣ ድርሻ ሙሉ። ሁሉም በእርሳስ ነው። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ከባዶው ቦታ አጠገብ ትንሽ የመስቀል ምልክት አድርጓል፤ ልብስ ሲያስለካ፣ ባለቤቱን ሳልጠይቅ እዚህ አልነካም ለማለት በጠመኔ የሚያደርጋት ምልክት ናት።

ያን ጊዜ የዛሬ ስድስት ዓመት የሆነ አንድ ምሽት ትዝ አላት። ድንች እየላጠች ነበር። እሱ ራት ሳይቀርብ መነጽሩን ጠርጎ መጣ፣ «አንዲት አጭር ወረቀት ላንብብልሽ» አለ። ቀጠለና «እኔ በሞት በምለይበት ጊዜ» ብሎ ጀመረ። እሷ ቢላዋውን ሳህኑ ላይ አኖረች። በቀልድ መቃብር ቆፋሪ ማንሳት አንድ ነገር ነው፤ ባል ወረቀት ይዞ ፊት ለፊት ቆሞ በሞት በምለይበት ጊዜ ሲል ግን ሌላ ነው።

«ቤቴ ውስጥ ሟርት አታንብብብኝ» አለችው።

«ኧረ አጭር ናት።»

«ነገ ታነበዋለህ።»

ሳቀ። «አሁንስ ስሜንም ወሰድሽብኝ» አለና ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ያቺን ወረቀት እኮ ብሎ ጀምሮ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አንድ ቀን መብራቱን ሊያጠፋ እጁን ዘርግቶ «ስምሽን ጽፌዋለሁ እኮ» ያላት ያኔ ነው። «እሺ በቃ፣ አጥፋው» አለችው። እሱም ዳግመኛ አላነሳውም። ለስድስት ዓመት ያቺ ወረቀት ባለቤቷ «ይሁን» እስክትል ስትጠብቅ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥላ ነበር።

እትዬ መርፌ በዱካዋ ላይ ተቀመጠች። በዕድሜዋ ሙሉ በነገ ስታላግጥ የኖረች ሴት ናት፤ ለአንድ ቀን ብቻ ነገ ያለችው እሷ፣ የተጎዳችውም በዚያችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ለልጇ ሁሉንም ነገረቻት፣ አንድም ቃል አላስቀረችም።

ልጅቱ ቅጹን ወስዳ ደግማ አየችው። ከዚያ የምትለውን ቀስ ብላ ጀመረች። አባዬ አልዋሸም፣ ስምሽን ጽፎታል። የሚፈልገውም ይሄንኑ ነበር፣ እጁ ይመሰክራል። የቀረው በእርሳሱ ላይ በእስክሪብቶ መሄድና ፊርማው ብቻ ነው። ፊርማውን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። በስንት ሺህ ደረሰኝ ላይ ፈርመሽለታል። ማንን ነው የምንዘርፈው? አንቺ ለሃያ ሦስት ዓመት እሱ ላላ አድርጎ በያዘው ላይ ስትሰፊ አልኖርሽም ወይ?

አነጋገሯ ልክ ነበር፣ ለዚህም ነው ከባድ የሆነው። እትዬ መርፌ የደረሰኝ ጥራዝ አወጣች፣ ገልብጣ ጀርባው ላይ አንዴ ፈረመች። መንጠቆዋ ጭረት በቦታዋ ገባች። ልጅቱ አይታ «ራሱ ነው» አለች፣ ከንፈሯን ነክሳ።

እናትየዋ ቅጹን ሳበች፣ የእስክሪብቶውን ጫፍ ከመስቀሏ ምልክት አጠገብ አሳረፈች። ከዚያ፣ አስባ ሳይሆን ከለመደ አፏ፣ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሳትዞር «ልፈርም?» አለች።

ካውያው ቀዝቅዟል። ኦቨርሎኩ በጨርቅ ተሸፍኗል። የአስተማሪው ሱሪ ግማሹ ተሰምሮ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። እትዬ መርፌ እውነት መልስ ጠበቀች፤ ልጅቱም አብራ ጠበቀች። ከውጭ ጎማ የሚነፋ ሰው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

እስክሪብቶውን ከደነችው።

«ለማን ብለሽ ነው?» አለች ልጅቱ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ለሞተ ሰው? ትምህርቴስ?»

«ፈርሚ ሳይለኝ ፈርሜ አላውቅም፣ ልጄ። እሱም ይሁን ሳልለው አልፈረመም። የደረሰብን ከእኔ ነው፣ በእሱ እጅ አላመካኝም።»

ልጅቱ ተነስታ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጓዳ ገባች። ሦስት ቀን እናቷን አላናገረቻትም። ተበደልሁ ብትል እውነት አላት፤ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፣ የምታጣውም የራሷን ዕድሜ ነው። እትዬ መርፌም አላባበለቻትም። ምን ብላ ታባብላታለች?

ቅጹን እንዳለ፣ በእርሳሱ፣ ወሰደችው። ጸሐፊዋ አየችው፣ ለአለቃዋም አሳየችው፣ አለቃዋም ራሱን ነቀነቀ። ያልተፈረመ ወረቀት ሐሳብ ነው እንጂ ውል አይደለም አላቸው፤ ክፋት አልነበረበትም። ጸሐፊዋ ቅጹን ስትመልስላት በሁለት እጇ ይዛ ነው። እትዬ መርፌም ጃኬትሽን ይዘሽ ነይ፣ እጅጌውን በነጻ አስተካክልልሻለሁ አለቻት። ሌላ የምትለው አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደሚሆነው ሆነ። የወራሽነት ወረቀት ወጣ፣ የመድኑ ገንዘብ ከውርሱ ጋር ተደባለቀ። ብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ድርሻውን ወሰደ። ጨርቅ ሻጩ የእሱን ተቀብሎ ፈረመ፣ ስለ ሟቹ «ነገ» አንድ ቀልድ አወራና መሐል ላይ ዓይኑን ጠረገ። ገንዘቡን ግን አንድ ሳንቲም አልቀነሰላትም፤ እሷም አልለመነችውም። ዕዳ የለብኝም ብሎ የሚተኛበት መቃብር ለባሌ ይሁን አለች። ለእሷ የተረፋት አሮጌዋ የእግር ስፌት መኪናና የጥቂት ወር ኪራይ ነው። ኦቨርሎኩንም ለሌላ ልብስ ሰፊ ሸጠችው። የቤቱን ግማሽ ስልክ ለሚጠግን ሰው አከራየች። ልጅቱ ትምህርቷን ለአንድ ዓመት አቋርጣ ፋርማሲው ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ገባች። ፋርማሲስቱ ያን ኮት ለብሶ በየጠዋቱ ደህና አደርሽ ሲላት አንጀቷ ይቆረጣል፣ ግን ትመልስለታለች።

ያላለቁትን ልብሶች እትዬ መርፌ ለሁለት ከፈለቻቸው። ባለቤታቸው ተለክቶ «ይሁን» ያለባቸውን በነጩ ክር ላይ ተከትላ ሰፍታ ጨረሰች። ያልተለኩትን ጨርቃቸውን አጥፋ፣ የተከፈለውን ቀብድ ጨምራ መለሰች። አስተማሪው ሱሪውን ከነጠመኔው እንዳለ ልውሰደው ብሎ ለመናት። ምን ያደርግልሃል ስትለው «እንዲያው ይቀመጥ» አላት፣ ሰጠችው።

ኦቨርሎኩን የገዙት ሰዎች ተሸክመው ያወጡት አንድ ከሰዓት ላይ ነው። የቆመበት ቦታ ወለሉ ላይ አራት ነጭ ምልክት ቀረ። ልጅቱ ከፋርማሲ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ያን አየች። እናቷ ከመስኮቱ ሥር ዱካዋ ላይ ናት፣ እጇ ላይ ሥራ የለም። «የቤቷ» የሚለው ጥቅል ጭኗ ላይ ተፈትቷል።

ልጅቱ ገብታ ወለሉ ላይ ከእግሯ ሥር ተቀመጠች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ የተቀመጠችው። እናትየዋ ቅጹን ዘረጋችላት።

«አንብቢልኝ» አለቻት። «ከላይ ጀምረሽ። እሱ እንደሚያነበው።»

«እማዬ፣ ምን ያደርግልሻል አሁን?»

«አንብቢው።»

ልጅቱ ማንበብ ጀመረች። «እኔ በሞት በምለይበት ጊዜ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ እናቷን አየቻት። እትዬ መርፌ ዓይኗን አላነሳችም፣ እጇም ጆሮዋ ላይ አልሄደም። ቀጥይ አለቻት። ልጅቱ የውሉን ቁጥር አነበበች፣ የአያቷን ስም አነበበች፣ በሕይወት የሌሉ የሚለውን አነበበች። ከዚያ የእናቷን ሙሉ ስም፤ ሰፈሩ የማያውቀውን፣ አባቷ ብቻ ይጠራበት የነበረውን። ዝምድና ሚስት። ድርሻ ሙሉ። እርሳሱ ቦታ ቦታ ደብዝዟልና ወደ መስኮቱ ብርሃን ማስጠጋት ነበረባት። ሌላ የሚነበብ ሳይኖር ሲቀር ቅጹን ዝቅ አደረገችው።

እትዬ መርፌ እንባዋ በአገጯ እየወረደ፣ ቀሚሷ ላይ የቀረችውን አንዲት ነጭ ክር ይዛ፣ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ዞረች።

«ይሁን» አለች።